ሞርቪዝ ቤት የለወጠችበት ቀን

ትሬቮር ደረጃ መውጣት ያቆመው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ደረጃው መሐል ላይ ቆም እያለ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሠርጋቸውን ፎቶ የሚያይ ይመስል ነበር። ቀጥሎ እላይ ማረፊያው ላይ ወንበር አስቀምጪልኝ አለ። ኋላ ማታ ወደ መኝታ ሲወጣ የሚጀምረው የትንፋሽ ፍለጋ እስከ ንጋት የሚዘልቅ ሲሆን፣ ሚስቱ ሞርቪዝ አልጋውን ፈታትታ፣ ብረቱን በየተራ ተሸክማ አውርዳ፣ ሳሎን ውስጥ ገጠመችው። መጸዳጃው ግን ፎቅ ላይ ነው፤ መጸዳጃ ደግሞ ፈትተው የሚያወርዱት ነገር አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍር የኖረ፣ ድምፁ ሲወጣ የጸሎት ቤቱን መዘምራን ለብቻው የሚያስከነዳ ሰው፣ ሳሎን ውስጥ ባልዲ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ሲቀመጥ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ሬዲዮኑ ሲጮህ ሞርቪዝ ማድቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። ስለ ባልዲው አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ቤታቸው ኩምጌሊ ሸለቆ ውስጥ፣ ተራራው ወገብ ላይ ከተደረደሩት የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤቶች በላይኛው መደዳ ነበር። ከመንገዱ እስከ በራቸው የሚያደርሰው የድንጋይ ደረጃ ጎረምሳውን ያስለከልካል፤ የከሰል አቧራ ሳንባውን ለሞላው ሰው ደግሞ የእስር ቤት ግንብ ማለት ነው። ትሬቮር ከዚያ ደረጃ በታች ያለውን ዓለም ካየ ሁለት ክረምት አልፎት ነበር።

ሞርቪዝ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። የቤቶች ክፍል ሠራተኛው አቶ ፕሮሰር ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ፣ ጨዋ ልጅ ነው።

«ደረጃ የሌለው ቤት የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው፣ ወይዘሮ ሞርቪዝ» አላት። «እውነቱን ልንገርዎት? የሚለቀቀው ውስጡ ያለው ሰው ሲሞት ነው።»

«እንግዲያው የኔ ባል ይቀድማቸዋል።»

ፕሮሰር ጆሮው ድረስ ቀላ። «አንድ ሌላ መንገድ አለ። ሊለወጥዎት የሚፈልግ ተከራይ ራስዎ ካገኙ እኛ እናጸድቃለን። ፈልጎ ማግኘቱ ግን የእርስዎ ነው። ዕቃ ማጓጓዙም የእርስዎ። ጭቅጭቁም የእርስዎ።»

ሞርቪዝ ፈለገች። ዓሣና ድንች ጠባሹ መስኮት ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች፤ ሐኪሙ ጋ፣ ፀጉር ቤቱ ጋ ለጠፈች። አውቶቡስ ላይ አጠገቧ ለተቀመጠ ሁሉ አወራች። ሰው እሷን ሲያይ መንገድ እስኪያቋርጥ ድረስ ስለ ቤት ብቻ ተናገረች። በመጨረሻ ሪያን የምትባል ሦስት ልጆች ያሏት ወጣት ተገኘች። ሪያን የምትኖረው ታች ከተማው ውስጥ አፓርታማ ሦስተኛው ወለል ላይ ነው። ልጆቿ ሲሮጡ ከታች ያሉት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያ ይደበድባሉ። ጓሮ ያለው ቤት ቢሰጧት ተራራው ጫፍ ላይም ቢሆን ትወጣለች።

«አክስቴ፣ የእርስዎን ቤት አይቼ እንቅልፍ አጣሁ» አለቻት ለሞርቪዝ። በኛ ሸለቆ ታላቅ ሴት ሁሉ አክስት ናት። «ግን የኔን ምን ያደርጉታል? ደረጃን በደረጃ አይለውጡም።»

«ሦስተኛ ሰው አገኛለሁ» አለች ሞርቪዝ።

ሦስተኛው ሰው ኢድዋል ፖስታ ሆነ። በሸለቆው ግማሹ ሰው ኢቫንስ፣ የቀረው ጆንስ ስለሆነ፣ ሰውን በሥራው ነው የምንጠራው። ኢድዋል ያንን ተራራ በእግሩ ሲወጣና ሲወርድ፣ ደብዳቤ ሲያድል አርጅቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እግሩ እንደ ፍየል ነው። የሚኖረው ግን ወንዙ ዳር፣ ደረጃ በሌላት፣ ከኋላዋ ረዘም ያለ ጓሮ ባላት ባለ አንድ ወለል ቤት ነበር፤ ሚስቱ ኔስታ ወገቧን ስትታመም የተሰጠቻቸው ቤት። ኔስታ ከሞተች ዓመት ሊሆናት ነው። እህቱ ኦልዌን ደግሞ የምትኖረው እነሪያን ሕንፃ ላይ፣ ምድር ቤት ነው። ፀጉር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሠሩ ለሞርቪዝ ያወራቻት እሷ ናት። «ወንድሜ እዚያ ብቻውን ከግድግዳ ጋር ሲያወራ ይውላል። አጠገቤ ባመጣው ምን ነበር!»

ሞርቪዝ የራሷ ፀጉር ሳይደርቅ ወንዝ ዳር ሄደች። ኢድዋል ጓሮው ውስጥ ባሮ ሽንኩርት ይኮተኩት ነበር። ሁሉንም አስረዳችው። ዶማውን ተደግፎ ቆሞ ሰማት።

«ኦልዌን ደስ ይላታል» አለ።

ሞርቪዝ ይህን እሺታ አድርጋ ወሰደችው። አንተስ ብላ አልጠየቀችም። መስማት የሚፈልገውን መልስ ያገኘ ሰው ጥያቄ አያበዛም።

ማጣራቱ፣ ማጽደቁ፣ ቤት መፈተሹ በጋውን ጨረሰ። መጸው ሲገባ ቀኑ ተቆረጠ። ፕሮሰር ሕጉን ነገራቸው፤ ሦስቱም በአንድ ጠዋት ይፈርማሉ፤ ከፈረሙ በኋላ መመለስ የለም፤ ሁሉም የዚያኑ ዕለት ይገባል። ይህን ሁሉ የምታሽከረክረው ሞርቪዝ ናት። መኪና ያለው ጌቲን ከሰል ነው። ከሰል ማመላለሱ ቀርቶ አሁን ያገኘውን የሚጭን፣ አፉ ግን ከመኪናው ይልቅ የሚጮህ ሰው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሦስት ሙሉ ጠርሙስ ይዘሽ ባዶ ጠርሙስ ከሌለሽ ከየት ወዴት ትገለብጫለሽ?» አላት።

«ባዶው ጠርሙስ የጸሎት ቤቱ አዳራሽ ነው» አለችው። «የሪያንን ዕቃ ጠዋት እዚያ እናራግፋለን። በባዶው አፓርታማ ኢድዋል ይገባል። በኢድዋል ቤት እኛ እንገባለን። ከዚያ የሪያን ዕቃ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደኛ ቤት ይሄዳል።»

ጌቲን ኮፍያውን አነሳ። «አንቺ የማዕድኑ አለቃ ብትሆኚ ኖሮ አይዘጋም ነበር።»

ቅዳሜ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ተሰበሰቡ። ኢድዋል ለቀብር የሚለብሰውን ጥቁር ልብስ ከነከረባቱ ለብሶ ነበር የመጣው። ፈረመ፣ ብዕሩን መለሰ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ሞርቪዝ ነገሩን ልብ አላለችውም፤ አእምሮዋ ቁም ሳጥን በየትኛው በር እንደሚያልፍ ያሰላ ነበር። ፕሮሰር ከመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ የወንዝ ዳሯን ቤት ትርፍ ቁልፍ አውጥቶ ሰጣት። «ከአሁን ጀምሮ በሕግ የእርስዎ ናት» አላት። ቁልፉን ጨብጣ ስትወጣ መንገድ ላይ ብቻዋን ሳቀች።

የሪያን ዕቃ ያለ ችግር ወረደ። የሚቀጥለው ኢድዋል ነበር። ነገር ግን ትሬቮርን ተሸክመው ሊያወርዱ ቃል የገቡት ሁለት የራግቢ ተጫዋች ጎረምሶች ከሰዓት ጨዋታ ስላለባቸው አሁን ካልሆነ አይመቸንም አሉ። ሞርቪዝ አሰበች፤ ባሏ መኪናው ውስጥ ጌቲን አጠገብ ተቀምጦ ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ይሁን አለች። ጎረምሶቹ ትሬቮርን በማድቤት ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይዘው፣ ያንን የድንጋይ ደረጃ አወረዱት።

«ቀስ በሉ!» ይላቸዋል ትሬቮር ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ንጉሥ… ስትሸከሙ… የመጀመሪያችሁ ነው?»

«ንጉሥ እንዲህ ከብዶ አያውቅም፣ አጎቴ!»

መኪናው ውስጥ አስገቡት፤ የኦክስጅን ሲሊንደሩን ጉልበቱ መሐል አቆሙለት። ጎረምሶቹ ወደ ጨዋታቸው ሮጡ። ሞርቪዝ ከጎኑ ተጣበበች። ትሬቮር እንደ ልጅ አፍንጫውን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ ሄደ። የተዘጋው ማዕድን ማውጫ ጋ ሲደርሱ ዝግ በል አለው ጌቲንን። የጉድጓዱ ማንሻ መንኮራኩር ወርዶ፣ ቦታው ሣር በቅሎበት በጎች ይግጡ ነበር። «ከኛ ይልቅ ለበጎቹ ተስማምቷቸዋል» አለ፣ ሳቀም። ድንች ጠባሹ ጋ ሲደርሱ ሽታው ገባ። ጌቲን ሳይጠየቅ ወርዶ ኮምጣጤ የጠጣ ድንች በወረቀት ጠቅልሎ አመጣለት። ሞርቪዝ ባሏ ጣቱን ሲልስ አየችው። እንዲህ ደስ ብሎት ያየችበትን ጊዜ ማስታወስ አቃታት።

ወንዝ ዳር ሲደርሱ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። የኢድዋል መጋረጃ ተዘግቷል። ሞርቪዝ ወርዳ አንኳኳች። እንደገና አንኳኳች። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ የደብዳቤ ማስገቢያዋን ክዳን ከፈተችና አየች። ሳህኖቹ መደርደሪያው ላይ እንደ ተደረደሩ ናቸው፤ የኔስታ ሹራብ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድም ካርቶን አልታሰረም። ኢድዋል ኮቱን ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ኢድዋል፣ እኔ ነኝ፣ ሞርቪዝ። መኪናው መጥቷል።»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ክፈትልን እንጂ፤ ዝናብ እኮ ነው።»

«አልከፍትም።»

«አሞሃል እንዴ?»

«አላመመኝም። አልሄድም፣ ሞርቪዝ።»

«ፈርመሃል እኮ!»

«እጄ ፈረመ። እግሬ ግን እንቢ አለ።»

ሞርቪዝ ቀና አለች። ዝናቡ አንገቷ ውስጥ ይገባል። የገዛ ቤቷ ከጠዋት ጀምሮ የሪያን ሆኗል፤ ሪያን ይሄኔ ጉልበቷን አጥፋ የማድቤቱን ወለል እያሸች ነው። ትሬቮርን ወደ ላይ የሚመልሰው ጉልበት ራግቢ ሜዳ ላይ ነው። ጌቲን መኪናውን ተደግፎ ያያታል፤ የሚያየው ሁሉ እሷን ብቻ ነው፤ ነገሩን ያሽከረከረችው እሷ ናትና። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ በሩን ከፈተች።

ኢድዋል አልተነሳም። በሩ ሲከፈትም አልተቆጣም።

«ኔስታ ጓሮ ናት» አላት። «ስታርፍ አስከሬኗ ተቃጥሎ የሰጡኝን አመድ ከፖም ዛፏ ሥር ነው የቀበርኩት። ስሄድ ይዣት እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ትናንት ቆፈርኩ፣ ሞርቪዝ። አፈር ብቻ ነው። የቱ እሷ፣ የቱ አፈር እንደሆነ አይለይም።»

ሞርቪዝ በጓሮው መስኮት ወደ ዛፏ አየች። ከኋላዋ ግን የትሬቮር ሳል መስተዋቱን አልፎ ይሰማ ነበር።

«እስከ እሑድ ስጪኝ» አለ ኢድዋል።

«እስከ እሑድ ትሬቮርን የት ላድርገው?»

ኢድዋል አሰበ። ከዚያ ፊቱ ቦግ አለ። «እንግዲያው ግቡ! መኝታ ቤቱን እናንተ ውሰዱት፣ እኔ ሳሎን እተኛለሁ። ለማንም አልከብድም። ትሬቮርን በማንሳት አግዝሻለሁ፤ ጉልበት አለኝ። ሦስት ሆነን ሻይ እንጠጣለን። እ? ምን ችግር አለው?»

በእርግጥም ምንም ችግር አልነበረውም። ኋላ ስታስበው ጥፍሯን የሚያስነክሳት ይህ ነው። በዚያች ደቂቃ ግን የታያት ሌላ ነገር ነው፤ የሁለት ሽማግሌ ካልሲ፣ የሁለት ሽማግሌ ሳል፣ የሁለት ሽማግሌ ገንፎ። ሳሎን ውስጥ አሁንም አልጋ። በሯን የምትዘጋበት አንድ ክፍል ብቻ ነበር የፈለገችው፤ እሱን ለማግኘት የሸለቆውን ሰው ሁሉ ስትለማመጥ ከረመች።

«አይሆንም» አለች።

«ለምን አይሆንም?»

«ስለማልፈልግ።»

ኢድዋል አያት። አድራሻው የተሳሳተ ደብዳቤ ሲገጥመው እንደዚህ ነበር የሚያየው። ሞርቪዝ እይታው ስላስፈራት ጨመረችበት፤ ሲፈሩ ደግሞ የሚጨምሩት ሁልጊዜ የባሰውን ነው። «ቤቱ የኔ ነው፣ ኢድዋል። በሕግ የኔ ነው። ተነስ፤ አለዚያ ፖሊስ እጠራለሁ።»

ተነሳ። በጓሮ በር ወጣ። ሞርቪዝ በመስኮት አየችው፤ በቀብር ልብሱ ፖሟ ሥር ተንበርክኮ፣ ባዶ የብስኩት ጣሳ ውስጥ በእጁ አፈር ይሞላ ነበር። ዓይኗን አንስታ ሳህኖቹን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች። ሁለቱን ሰበረች። ጌቲን ገብቶ በር ላይ ቆመ።

«እኔ ዕቃ ነው የማመላልሰው» አላት ቀስ ብሎ። «ሰው ከቤቱ አውጥቼ አላውቅም።»

«ዛሬ ታወጣለህ።»

ጌቲን ወንበሩን አነሳ። በዚያን ቀን ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

ኢድዋል ጣሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ወጥቶ፣ እግሩን በጭነቱ መሐል አጥፎ መኪናው ጀርባ ላይ ተቀመጠ። ትሬቮር ደግሞ ከነወንበሩ ከነሲሊንደሩ ወርዶ ደጃፉ ላይ፣ ከጣሪያው ጠርዝ በታች ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም አይቷል። መኪናው ሲሄድ እጁን አነሳ። ኢድዋል አላየውም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ።

«ምን አልሽው?» አለ ትሬቮር።

«ምንም። ግባ፣ ይበርድሃል።»

«ቁልፍ… ስታወጪ አይቻለሁ።»

«ፈርሟል እኮ፣ ትሬቮር!»

«በአድማው ዓመት…» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ደመወዝ በሌለን ጊዜ… ድንቹን፣ ባሮ ሽንኩርቱን… ደብዳቤ ሳያደርስ በፊት በራችን ላይ የሚያስቀምጠው ማን ነበር? አንድ ቀን አንኳክቶ ያውቃል? እኔ አድማውን የዘለቅሁት… ከዚህ ሰውዬ ጓሮ በልቼ ነው።»

«ላንተ ብዬ ነው ያደረግኩት።»

«ለኔ አትበይ።» ፊቱ ወደ ሰማያዊነት ተለወጠ። «ለኔ ብለሽ እንዲህ አታድርጊ። ባልዲው ይሻለኝ ነበር።»

ስለ ባልዲው በመሐላቸው ሲነገር የመጀመሪያው ነበር።

ቤቷ ሞርቪዝ እንዳሰበቻት ሆና ተገኘች። መጸዳጃው ከአልጋው በጥቂት እርምጃ ላይ ነው፤ ትሬቮር ግድግዳ እየያዘ ራሱ ይሄዳል፣ በሩን ይዘጋል። ሬዲዮን ማስጮህ አላስፈለገም። ሞርቪዝም የራሷ ክፍል፣ የራሷ በር አገኘች። ነገር ግን ትሬቮር ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋ ሆነባት። ሾርባ ስትሰጠው «አመሰግናለሁ» ይላል። ትራሱን ስታቃናለት «አመሰግናለሁ» ይላል፤ ለመንደሩ ነርስ እንደሚላት። ጓሮውን በሚያሳየው መስኮት በኩል ያለውን መጋረጃ አትክፈቺው አላት። አርባ ዓመት ሲቆጣትና ሲሰድባት፣ ሲያስቃትና ሲያስለቅሳት የኖረ ባል በአንድ ከሰዓት እንግዳ ሆኖ አረፈው።

ሸለቆው ደግሞ ስም አወጣላት። ማን እንደ ጀመረው አልታወቀም፤ ጌቲን አይደለሁም ብሎ ይምላል። እስከዚያ የትሬቮር ሞርቪዝ ትባል የነበረችው፣ ከገበያ እስከ ጸሎት ቤት «ሞርቪዝ ቁልፍ» ተባለች። ሥጋ ሻጩ አፉ አዳልጦት በፊቷ ጠራት። ጸሎት ቤት አጠገቧ የነበረው ቦታ ባዶ ይሆን ጀመር። የሚያሳዝነው ነገር ሰው ሁሉ አሁንም ቤት መለዋወጥ ሲፈልግ እሷን ነበር የሚያማክረው። «እሷ ትችልበታለች፤ አትምርም» ይባባላሉ። እሷም ትነግራቸዋለች፤ ማን ቀድሞ እንደሚጫን፣ ማን እንደሚጠብቅ።

የረካችው ሪያን ብቻ ነበረች። ልጆቿን አስከትላ ኬክ ይዛ መጣች። «አክስቴ፣ ነፍሴን ነው ያተረፉልኝ!» አለቻት። ሞርቪዝ ኬኩን ለወፎች ሰጠችው።

ኅዳር ሲጋመስ ትሬቮር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመናት። «ኢድዋልን ጥሪልኝ። አንድ ጊዜ ይምጣ። ደህና መሆኑን… ልየው።»

ሞርቪዝ በኦልዌን በኩል ላከችበት። እሺ ይመጣል አለች ኦልዌን። ሳምንት ሄደ። ሞርቪዝ ደግማ ላከች፤ ኩራቷን ውጣ ስልክም ደወለች፤ ስልኩን ያነሳችው ኦልዌን ናት። «እለዋለሁ እኮ። ዝም ይለኛል።» ሞርቪዝ ግን ለትሬቮር «ጉንፋን ይዞት ነው» ትለዋለች። ትሬቮር ያምናት ይሆን ብላ ፊቱን ትፈልጋለች። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አንድ ቀን፣ ከግድግዳው ጋር የሚያወራ መስሎ፣ «ገደልነው» አለ። «ገደልሽው» አላለም። ለሞርቪዝ ግን ከስድብ የከፋው ያ «ነ» ነበር፤ ያላደረገውን ኃጢአት ሊሞት ሲል አብሯት ይሸከም ነበርና።

ጸደይ ሳይገባ አረፈ። በእንቅልፉ፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ፣ ሞርቪዝ ዕቃ ስታጥብ። ቀብሩ ላይ መዘምራኑ ሲዘምሩ ኢድዋል ከኋላ ቆሞ ነበር። ከቀብር ለሚመለሱት ለሚቀርበው ሻይና የአሳማ ሥጋ ሳይቆይ ሄደ። ሞርቪዝ አንገቷን መዝዛ ብትፈልገው አጣችው።

ከዚያ በኋላ ቤቷ ሰፋችባት። ስትፈልገው የነበረው በር አሁን ሁልጊዜ ተዘግቶ ይውላል። ሁለት ወር ያህል ከራሷ ጋር ተሟገተች፤ በመጨረሻ ቆረጠች። ቤቱን ትመልስለታለች። እሷ አፓርታማውን ትወስዳለች፤ ደረጃው ለሷ ምን ይላታል? ፖሟን ትመልስለታለች። ይቅር አይበላት፤ ግን ይግባ። አንድ ማለዳ ጥሩ ኮቷን ለብሳ አውቶቡስ ተሳፈረች።

በሩን የከፈተላት ኢድዋል ነው። ወፍሯል። ከኋላው የተጠበሰ ሥጋ ይሸታል፤ ኦልዌን ማድቤት ናት። ሞርቪዝን ሲያይ ጆሮውን አከከ።

«ግቢ እንጂ። ሻይ አለ።»

ተቀመጠች። ጠረጴዛው ላይ የዶሚኖ ጠጠር ተበትኗል። በረንዳው ላይ በእንጨት ሣጥን የተተከለ ሽንኩርት ይታያል። ያሰበችውን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ተናገረች፤ እንደገና እንለዋወጥ፣ ፕሮሰርን አነጋግራለሁ፣ መኪናውንም እኔ አመጣለሁ።

ኢድዋል ሳቅም ማፈርም የተቀላቀለበት ፊት አሳየ። «ሞርቪዝ፣ የኔ እህት፣ ምን ሊያደርግልኝ? ያ ቤት እኮ እርጥበት ነበረው። እዚህ ከኦልዌን ጋር ምሳ እበላለሁ። ልጆቹ በየቀኑ ዶሚኖ ይጫወታሉ። ልጆቹ ስልሽ ሁሉም ከኔ ያረጁ ናቸው።»

«ጓሮውስ? ኔስታስ?»

«የዚያን ቀን ያዘኝ። ሰው ይይዘዋል።» እጁን አወናጨፈ። «አልዋሽሽም፣ እስከ ገና ድረስ ተናድጄብሽ ነበር። ስምሽን ሲጠሩ እተፋ ነበር። ከዚያ አለፈ።»

«ከገና በኋላ አለፈ?»

«አለፈ።»

ሞርቪዝ ጣቶቿን እርስ በርስ ቆላለፈች። ከገና በኋላ ትሬቮር ገና ወራት ነበሩት። «ታዲያ ለምን አልመጣህም? ላኩብህ። ደጋግሜ ላኩብህ።»

«አፈርኩ» አለ ኢድዋል። «ሽማግሌ ሰው በር ዘግቶ እንደ ሕፃን አልሄድም ሲል ትሬቮር አየኝ። ድንች ሰጠኋቸው ብሎ የኮራ ሰውዬ፣ በገዛ ወዳጁ መኪና እንደ ዕቃ ተጭኖ ሲሄድ አየኝ። ምን ብዬ ዓይኑን አያለሁ? ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል…»

«ገደልነው ብሎ ነው የሞተው» አለች ሞርቪዝ። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ መጥተህ ደህና ነኝ ብትለው…» ጨረስኩ ብላ ነበር፤ ግን አፏ አልቆመም። «አራት ወር ‹አመሰግናለሁ› አለኝ፣ ኢድዋል! አራት ወር! አንተ እዚህ ዶሚኖ ስትጫወት!»

ኢድዋል ወለሉን አየ። «አላወቅኩም» አለ። እውነቱን ነበር። ለዚያም ነው የምትይዝበት ነገር ያጣችው።

ኦልዌን ሻዩን ይዛ ገባች። «እኔ ሂድ ብዬው ነበር» አለች ለማንም ሳይሆን። «አይሰማም። ወንድ ልጅ ሲያፍር ከእሳት እንደሚሸሽ ይሸሻል።»

በሩ ተንኳኳ። አንድ ሽማግሌ አንገቱን አስግጎ «ኢድዋል! ዛሬ ፈራህ እንዴ? ሰው እየጠበቀ ነው!» አለ፤ ሞርቪዝን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። ኢድዋል ሁለቱን በየተራ አየ።

«ሂድ» አለች ሞርቪዝ።

«እመለሳለሁ፤ ቆይ እንጂ፣ ምሳ አለ።»

«ሂድ ብዬሃለሁ።»

ሄደ። ኦልዌን ወንበሩን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ ሥጋው ዋጋ አወራች፣ ስለ ጉልበቷ አወራች። ሞርቪዝ ሻዩን እስከ ጠብታው ጠጣች።

«ውይ!» አለች ኦልዌን በድንገት። «ስኳር አልጨመርኩልሽም መሰለኝ።»

«አልጨመርሽም።»

«ምነው ብትናገሪ!»

ሞርቪዝ ኩባያዋን ራሷ አጥባ ደፋችው፤ ኮቷን ቆለፈች፤ የአውቶቡሱን ሰዓት ጠየቀችና ወጣች።